ፉከራ የተከለከለበት ክበብ

ከ2045 ዓ.ም. ጀምሮ የድብድብ ቪዲዮ ጌም ውድድር ያለ ጌሙ አምራች ድርጅት ስፖንሰርነት ማካሄድ ተከለከለ። ድርጅቱ ኤልዳና ለምትመራው የደሴ ክበብ አዳራሽና ሰፋፊ ስክሪኖች ሰጠ፤ በምትኩ ፉከራን አገደ። አሸናፊም ተሸናፊም «ድርጅታችን ይመስገን» ብቻ እንዲሉ ታዘዙ።

ኤልዳና ትዳር የያዘችው በፉከራ ነበር። የክበቡን ተጫዋች ኪሩቤልን «አምቡላንስ ልጥራልህ ወይስ እናትህን?» ብላ በጌም በዘረረችው ሳምንት ሽማግሌ ላከባት። ከዚያ ወዲህ ምሳ እንኳ ያለ ነገር ተበልቶ አያውቅም፤ «ይህ ወጥ እንደ አጨዋወትሽ ነው፤ ጨው የለውም» ይላት ነበር።

ዛሬ ግን ሳህኑን ጠርጎ እጁን ሊታጠብ ተነሳ።

«እንዴት ነው ወጡ?»

«ድርጅታችን ይመስገን።»

«የሠራሁት እኮ እኔ ነኝ!»

«ይቅርታ የኔ እመቤት፤ አፌ ለምዶ ነው።»

ኤልዳና ስልኳን አንስታ ለክበቡ አባላት ጻፈች፦ «የቅዳሜው ውድድር ያለ ስፖንሰር እኛ ቤት ይካሄዳል። ወንበር ይዛችሁ ኑ።»