አማቴን የት ልውሰዳት?

"ጋሼ፣ የከተማውን ጉዳይ እርስዎን ጠይቅ ብለውኝ ነው... ከባለቤቴ ጋር ሆነን አማቴን ለጥቂት ቀን ልናዝናናት ይዘናት እየመጣን ነው። ጉልበቷን ያማታል። የት ላብላት? ምን ላሳያት?"

"ጋሼ" የተባሉት ሰው መነጽራቸውን ጠርገው ፈገግ አሉ።

ጋሼ አይደሉማ...

ዕድሜያቸውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ላይ ትኬት ሲቆርጡ ኖረው ጡረታ የወጡ እናት ናቸው። ሰፈሩ "እማማ ትኬት" ይላቸዋል።

ስልካቸው ላይ ግን ስማቸው "የከተማው ሰው" ነው... ፎቶም የላቸውም። እንግዶች የት እንብላ፣ ምን እንይ እያሉ በሚጠይቁበት ገጽ ላይ ሲመልሱ ይውላሉ። ሁሉም ወንድ መስለውት ጋሼ ሲላቸው እሳቸውም አላረሙም። ጠያቂ ይኑር እንጂ ጋሼስ ቢባሉ ምን ቸገራቸው?

ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቤት ውስጥ የሚያናግራቸው የለም።

አንድ ልጅ አላቸው፤ ገና በልጅነቱ ለትምህርት እንደወጣ ሌላ ከተማ ነው የቀረው፣ ይህን ከተማ እምብዛም አያውቀውም። መደወሉን ይደውላል... ግን መቼ ትመጣለህ ሲሉት መልሱ ሁሌ አንድ ነው። ሥራ ወጥሮኛል፣ ፈቃድ አልሰጡኝም።

እና እማማ ገጹ ላይ ስሙን "እንግዳው" ብሎ ላስገባው ለዚህ ጠያቂ ከልባቸው ጻፉለት።

ሙዚየሙን በዋናው በር አትግቡ፣ ደረጃው ጉልበት ይጨርሳል፤ በጓሮ በኩል ሊፍት አለ። ወንዙን ለማየት ድልድዩ ላይ መውጣት አያስፈልግም፤ ከታች መናፈሻው ውስጥ ጥላ ያለው አግዳሚ ወንበር አለ። ምሳ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ካለችው ትንሽ ምግብ ቤት ብሉ፤ ዓሣዋ እጅ ያስቆረጥማል። በሩ አጠገብ ያሉት ወንበሮች ግን ዝቅ ያሉ ናቸው፣ ተቀምጣ መነሳት ያቅታታል። ግቢው ውስጥ አስቀምጣት።

እንግዳው ገረመው። ጉልበት የሚያመው ሰው የሚያስፈልገውን እንዴት እንዲህ ሊያውቁት ቻሉ ብሎ ጠየቃቸው።

እማማ ሳቅ አሉ... የገዛ ጉልበታቸው ነዋ ያስተማራቸው። አውቶቡስ ውስጥ ቆሞ ሲውል የኖረ ጉልበት። ልጃቸው እንዳይጨነቅ ብለው ነግረውት አያውቁም።

እሱም ጠይቆ አያውቅም።

እንግዶቹ ከተማው በገቡ በሁለተኛው ቀን መልእክት መጣ።

"ጋሼ፣ ያሉን ሁሉ ልክ ነው። ነገ ምሳ እዚያች ምግብ ቤት ነን። መጥተው አብረውን ይብሉ።"

እማማ ደጋግመው አነበቡት... ከሰው ጋር ምሳ ከበሉ ስንት ጊዜያቸው።

በማግስቱ የክት ልብሳቸውን ለበሱ፤ ጫማቸውን ወለወሉ። ጋሼን ሲጠብቅ አሮጊት ስትመጣበት ምን ይል ይሆን እያሉ መንገዱን ሙሉ ለብቻቸው ሲስቁ ሄዱ።

ደረሱ። ከበሩ ሆነው ወደ ግቢው አዩ...

አንዲት ሴትዮ ተቀምጠዋል። ወጣቷ ፎቶ ታነሳለች። አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ከሴትዮዋ ጀርባ ትራስ ያስገባል። ከዚያ ዓሣውን ከአጥንቱ እየለየ ሳህናቸው ላይ ያደርግላቸዋል።

"ብዪ እንጂ እማዬ፣ ይቀዘቅዝብሻል" አላቸው።

ድምፁን አወቁት።

የራሳቸው ልጅ ነው... ፈቃድ አልሰጡኝም ያለው።

አስተናጋጁ "ይግቡ እናቴ" አላቸው።

"ቤት ተሳስቼ ነው ልጄ" ብለውት ተመለሱ።

ልጃቸውን በአማቱ ፊት ማሳፈር አልሆነላቸውም። ቅናት እንዳይመስላችሁ... አማቱን መውደዱ ደስ ብሏቸዋል። ያንን ትራስ ግን እሳቸውም ይፈልጉት ነበር።

ወደ ማታ ስልኩ ጮኸ።

"ጋሼ፣ ምነው ቀሩብን? አማቴ 'እንዲህ የሚያስብ ሰው ልጆቹ ታድለዋል' እያለች ነው። ነገ ከመሄዳችን በፊት ግማሽ ቀን አለን... ሳናየው የቀረ ነገር አለ?"

እማማ የቤታቸውን አድራሻ ጻፉ... አጠፉት።

"እናትህን አላየሃትም" ብለው ጻፉ... እሱንም አጠፉት።

በመጨረሻ እንዲህ ብለው ላኩለት።

"ምንም አልቀረም ልጄ። ሁሉንም አይታችኋል። በሰላም ግቡ።"

ወዳጆቼ... አማትን መንከባከብ የተመሰገነ ነው፤ በዚህ ልጁን አልነቅፈውም። ግን በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ ለሰው እናት ወንበር እየመረጥን የወለደችንን "ጉልበትሽ እንዴት ነው?" ሳንላት ዓመቱ ይሄዳል። እናት አትቀየምም እያልን ራሳችንን እናታልላለን።

ትቀየማለች... አትናገርም እንጂ።

እናንተ በእማማ ቦታ ብትሆኑ "የቀረ ነገር አለ?" ሲላችሁ ምን ብላችሁ ትመልሱለት ነበር? ከታች ጻፉልኝ... ከዚያ በፊት ግን እናታችሁ ጋ ደውሉ።