ሦስተኛው ቁልፍ

ልብስ ሰፊዋ «ቀናተኛ አይደለሁም» ትላለች፤ የባሏን ሸሚዝ ግን ሳትፈትሽ አታጥብም። ዛሬ ጠዋት ሦስተኛው ቁልፍ በሌላ ሰው እጅ ተተክሎ አገኘችው። እሷ ክሯን ሁለቴ ነው የምትቋጥረው፤ ይሄ አራት ጊዜ ተቋጥሯል። እንዲህ ያለ ቋጠሮ ያየችው በሟች ሚስቱ ቀሚሶች ላይ ብቻ ነው።

መሳቢያ ውስጥ ባገኘችው አሮጌ መቀስ ቁልፉን ቆርጣ ኪሷ ከተተችው።

ባሏ ለምሳ ሲገባ፣ «የኔ ጌታ፣ ሌላ ሰፊ ያዝክብኝ እንዴ?» አለችው እየሳቀች።

እሱ አልሳቀም። እጁን እየታጠበ፣ «እሷው ናት» አላት።

«ሞታለች ብለህ አይደል ያገባኸኝ?»

«ሞታለችማ። ግን ከቤት አልወጣችም። መቀሴን ከቦታው አታንሺብኝ ብላሻለች።»

ኪሷን ዳበሰች፤ ባዶ ነው። ወንበሩ ላይ የተንጠለጠለው ሸሚዝ ቁልፉ ተተክሎለታል፤ የክሩ ጫፍ ገና በምራቅ እንደራሰ ነው።