ጥቁሩ ሽቦ

ብርቄ መዳፏን ወደ ሸክላው ድስት ጎን አስጠግታ ሙቀቱን ለካች። አሲዱ ከቀዘቀዘ ብሩን ለማንጣት ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ከፈላ ደግሞ እንፋሎቱ ጉሮሮ ይከረክራል። ለገላ እንደሚሆን ውኃ ሲሞቅ ነው ደህና የሚሠራው። የምድጃውን ቁልፍ ትንሽ መለስ አደረገችው።

ከኋላዋ የጋዙ እሳት ጠፋ።

«በቃ፣ ብየዳው ያዘ። ጎሽ ልጄ» አሉ አባቷ።

ልጄ ያሉት እሷን አይደለም። ኤቢሳን ነው። ከሱሉልታ መጥቶ ቀበና ያለችው ጠባብ የብር መሥሪያቸው ከገባ ገና ዓመት አልሞላውም። እንጦጦ ላይ ላለ ቤተ ክርስቲያን የታዘዘውን መስቀል ግን አቶ አባይነህ የሰጡት ለእሱ ነው። ሰሞኑን ሐረጉን ሲቀርጽ አጠገቡ ተቀምጠው እጃቸውን በእጁ ላይ ደርበው ዋሉ። ብርቄ ከልጅነቷ ጀምሮ ድስቱ ላይ ናት። የሹራቧ እጅጌ የአሲድ ፍንጣሪ በበላው ቀዳዳ ወንፊት ሆኗል። አንድ ቀን መቅረጫውን እንዲሰጧት ብትጠይቃቸው «አንቺ ድስቱን ያዢልኝ» ነው ያሏት። በእሷ እጅ ላይ እጃቸውን ደርበው አያውቁም።

ኤቢሳ በእሳት የጠቆረውን መስቀል በጨርቅ ይዞ መጣ። ፊቱ ጥላሸት በጥላሸት ነው።

«እትዬ፣ አባ ሠረቀብርሃን መስቀሉን ሊወስዱ ሳይደርሱ አንጪልኝ። ቦታ ከተረፈ እኔንም ጨምሪኝ።»

«ድስቱ አይበቃህም።»

አባቷ ከት ብለው ሳቁ። በኤቢሳ ቀልድ ነው የሳቁት። የእሷን መልስ የሰማው የለም።

ኤቢሳ ሊታጠብ ወደ ግቢው ቧንቧ ወጣ። ብርቄ መስቀሉን ገልበጥ አድርጋ አየችው። ከጀርባው፣ ክንዱ ከእጀታው በሚጋጠምበት ጥግ፣ ለብየዳ የታሰረበት ጥቁር የብረት ሽቦ እንዳለ ነው። ቆርጦ ማውጣቱን ረስቶታል።

ድስቱ አጠገብ ብረት አይደርስም። አባቷ መጀመሪያ ያስተማሯት ይህን ነው፤ ለዚህም ነው ከመዳብ የተሠራው ወረንጦ ብቻውን የራሱ ምስማር ላይ የሚሰቀለው። አሲዱ ከብሩ ጋር የተቀላቀለውን መዳብ ሲበላ ከርሞ ሰማያዊ ሆኗል። ብረት ሲገባበት ብረቱን መብላት ይጀምርና፣ የዋጠውን መዳብ ብሩ ላይ ይተፋዋል።

ጠርታ ልትነግረው አፏን ከፈተች። «ጎሽ ልጄ» የሚለው ድምፅ ግን ገና ከጆሮዋ አልወጣም። አፏን ዘጋች። መስቀሉን በወረንጦው ያዘችና ከነሽቦው ድስቱ ውስጥ አስተኛችው።

መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ቀጥሎ ከሽቦው ላይ እንደ ጤፍ የደቀቁ አረፋዎች አንድ በአንድ ተነሱ። አሁንም ማውጣት ትችል ነበር። እጇ ወደ ምድጃው ሄደና ቁልፉን ወደ ላይ አዞረው። ሙቀቱ ሲጨምር አረፋው እርስ በርሱ እየተገፋፋ ወጣ፣ ድስቱም እሽሽ ማለት ጀመረ። ዛሬ ያዩታል፣ አለች በልቧ። ልጄ የሚሉትን ዛሬ በዓይናቸው ያዩታል።

ስታወጣው መስቀሉ ከዳር እስከ ዳር ቀልቷል። ውኃ ውስጥ ነከረችው፤ ቅላቱ አልለቀቀም። በጨርቅ አድርጋ ለአባቷ ሰጠቻቸው።

አቶ አባይነህ እጀታውን ይዘው ወደ መስኮቱ አነሱት። የከሰዓቱ ፀሐይ በቀጥታ አረፈበት። ቅላቱ በመንገድ ለሚያልፍ ሰው እንኳ ይታያል። ብርቄ ፊታቸው ሲለወጥ ለማየት ጠበቀች።

«ነጣ?» አሉ።

ሁልጊዜ እንዲህ ይጠይቃሉ። እንደ ሕፃን የሚፈትኗት ይመስላትና ትናደድ ነበር። አሁን ግን ዓይናቸውን አየች። የሚመለከቱት ከመስቀሉ ትንሽ ወደ ጎን፣ ባዶውን ግድግዳ ነው።

«ነጣ ወይ ብርቄ? ብርሃኑ አላሳይ አለኝ። አንቺ ነጥቷል ካልሽ ለአባ እሰጣለሁ።»

ያ በኤቢሳ እጅ ላይ ተደርቦ የዋለው እጅ ትዝ አላት። ሲመራ አልነበረም። የመስመሩን መሄጃ በዳበሳ ሲከተል ነበር።

«ገና ነው» አለች። «ትንሽ ይቀረዋል፤ ያምጡት።»

ሽቦውን በጉጠት ቆርጣ ጣለች። መስቀሉን የጋዙ እሳት ላይ ይዛ ቅላቱ እስኪጠቁር ድረስ አጋለችው፤ የጠቆረውን አሲዱ ይበላዋል። ሲቀዘቅዝ በወረንጦው መልሳ ድስቱ ውስጥ አስተኛችውና የምድጃውን ቁልፍ ቀነሰች። አሁን አንዲት አረፋ አልተነሳችም።

ኤቢሳ ፊቱ ውኃ እያንጠባጠበ ገባ። «እስካሁን አልነጣም እንዴ?»

«ሽቦ ረስተህ ነበር» አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ።

ክው አለ። «ለጋሼ ነገርሻቸው?»

«አልነገርኩም።»

«ተባረኪ እትዬ።»

ምርቃቱ ከስድብ ይልቅ ከበዳት። ቀና ብላ አላየችውም። ቅናቱም ቢሆን አልወጣላትም፤ እዚያው ደረቷ ውስጥ፣ እንደ ድስቱ ለብ እንዳለ ተቀምጧል። ዓይኗን ግን ከመስቀሉ አልነቀለችም። ጥቁረቱ ከዳር ጀምሮ ቀስ እያለ ለቀቀ።

አወጣችው። አጠበችው፣ በናስ ብሩሽ ከሐረግ ሐረግ ፈተገችው፣ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ጠቅልላ የአባቷ ጉልበት ላይ አኖረችው።

«ነጣ» አለች።

አቶ አባይነህ ጨርቁን ገልጠው ሳያዩ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ብርቄ ወረንጦውን በውኃ አለቀለቀች፤ አደረቀችውና ምስማሩ ላይ ሰቀለችው።