ያልሸተታት አዝሙድ

ወረርሽኙ የገባ ሰሞን ጥቁር አዝሙድ ፈላጊው በቅመም ሻጯ በር ተሰለፈ።

እሷ ታማኝ ናት። አዝሙዱን በጨርቅ ቋጥራ በመዳፏ ፈተግ ፈተግ ታደርግና፣ መጀመሪያ ራሷ በአፍንጫዋ በረጅሙ ትስበዋለች። "ኃይሉን ሳልፈትን ለማንም አልሰጥም" ትላለች።

ያን ቀን እስከ ረፋድ ሃያ ቋጠሮ ሸጠች። ሃያ አንደኛውን ስባ ተቆጣች።

"ነጋዴው አሮጌ አሸከመኝ!"

ሌላ ጆንያ ፈታች። እሱም ምንም አይሸትም።

ተራዋን የምትጠብቅ ጥቁር የለበሰች ሴት ቋጠሮውን ተቀብላ ብትስበው አስነጠሳት።

"ኧረ እትዬ፣ ይሄማ ይሰነፍጣል!" አለች። ወዲያው ወደ ኋላ አፈገፈገች። "ባለቤቴም ገና ሲጀምረው ሽታ ነው የጠፋበት።"

ሻጯ ወደ በሩ ዞረች። በማለዳ የመጀመሪያውን ቋጠሮ የሰጠቻት ነፍሰ ጡር ልጇ፣ ጨርቁን አፍንጫዋ ላይ እንደያዘች ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች።