ካብ ለካብ

ቶካታ ጠዋት ባሕሩ ሲሸሽ ወጥቶ ካቡን አየና ሌባው ዛሬም እንደመጣ አወቀ። ትናንት ሙሉ የነበረው ጥግ እንደ ሽማግሌ ጥርስ ወላልቋል።

«ሬቴታ! ነይ እስኪ፣ ጉዱን እዪ!»

ሚስቱ እጇን በሽርጧ ጠቅልላ ብቅ አለች። «ማዕበሉ ይሆናል የወሰደው።»

«ማዕበል እየመረጠ ነው እንዴ የሚወስደው? ትልልቁን ትቶ ለሸክም የሚመቸውን?»

ሬቴታ ደጁን ዞር ዞር ብላ ቃኘች። «ትናንት የጠጣኸው ቢራ ጠርሙሱ የት አለ?» አለችው።

«ቤቴ እየተዘረፈ አንቺ ስለ ጠርሙስ ታወሪያለሽ!»

በዚያች ደሴት በመሬት ቀልድ የለም። ደጁ የቆመ ሰው ድንጋይ ቢወረውር በአንድ በኩል ውጭኛው ባሕር፣ በሌላ በኩል ውስጠኛው ባሕር ውስጥ ይወድቅበታል። ከፍ ያለ ቦታ የፈለገ ኮኮናት ላይ ይውጣ። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ትልቁ የባሕር ሙላት ይመጣል፤ አምና የቶካታ የውሃ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ቤተሰቡን ስንት ወር ጨዋማ ሻይ አጠጣው። ዳግመኛ ከገባ ጉድጓዱ አለቀለት። ጉድጓድ የሌለው ሰው ደግሞ ምንጣፉን ጠቅልሎ ዋና ከተማ ዘመድ ጓሮ መጠጋት ነው ዕጣው። ቶካታ ይህን ላለማየት ነበር በጋውን ሙሉ ከባሕር ድንጋይ እየለቀመ የካበው። ጨረቃዋም እየሞላች ነው።

ሌባውን ለማወቅ ጠንቋይ አላስፈለገውም። የእሱ ካብ ባጠረ ቁጥር የአጎቱ የባውሮ ካብ ይረዝማል።

ባውሮ የአባቱ ታናሽ ወንድም ነው። ከአራት ዓመት በፊት መሬቱን ሲካፈሉ ቶካታ ኮኮናቱንና ጉድጓዱን መረጠ፤ ራቁቷ የአሸዋ ጫፍ ለአጎቱ ደረሰች። «ልጄ፣ ጫፏን እንኳ ለራስህ አስቀራት» ብሎት ነበር አጎትየው። «ምንም የማያበቅል አሸዋ ምን ያደርግልኛል? ይውሰዱት!» አለ ቶካታ፤ ከዚያ ወዲህ እዚያ እግሩ አልደረሰም። የመንደሩ ሰው፣ ትንሿ ልጁ ከመሬት ክፍፍሉ በፊት በኩፍኝ ከሞተችበት ጀምሮ ልቡ ደርቋል ይለዋል። እሱ ግን አጎትየው እንዳታለለው ነበር የሚያስበው፤ ካብ ለካብ ሲተያዩ ከረሙ።

«ደግሞ እኮ የገዛ ቤቱን ትቶ በባዶ አሸዋ ዙሪያ ነው የሚክበው!» አለ ለሚስቱ። «ሙላቱ እሱን መትቶ ወደ እኔ እንዲዞር! ሊያሰጥመኝ ነው።»

«አጎትህ እንዲህ አያደርጉም።»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አላትና ክሱን ይዞ ወደ መንደሩ አዳራሽ ሄደ።

በማግስቱ ሰው ሁሉ በየዘሩ ቦታ ተቀመጠ። ባውሮን ሁለት ሰዎች ደግፈው አስቀመጡት።

«አያችሁት?» አለ ቶካታ። «ለመቀመጥ ድጋፍ ይፈልጋል። ድንጋይ ለመስረቅ ሲሆን ግን ወገቡ ይድናል!»

ሰው ሳቀ። ሬቴታ ከሴቶቹ ጋር አቀርቅራ ተቀምጣለች፤ መዳፏ ተላልጧል። ምን ነካሽ ላሏት፣ «ምንጣፍ ስሠራ ነው» አለቻቸው።

ሽማግሌው ናኪባኤ ጠየቁ። «ባውሮ፣ ድንጋዩ የቶካታ ነው?»

«ነው።»

«የወሰድከው አንተ ነህ?»

ባውሮ ወደ ሴቶቹ በኩል ተመለከተ። «ካቡ ያለው እኔ መሬት ላይ ነው። ጥፋቱም የእኔ ይሁን።»

«አንተ ሌባ!» ብሎ ጮኸ ቶካታ።

ሰው ሁሉ ወደ ቶካታ ዞረ። የአባቱን ወንድም አንተ ያለ ሰው በዚያ ጣራ ሥር ከዚያ በፊት አልተሰማም። ሬቴታ ከመቀመጫዋ ተነሣች።

«ቶካታ፣ አንድ ነገር ልንገርህ...»

«ቁጭ በይ! አንቺን ማን ጠየቀሽ?»

ባውሮ ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀላት። ተቀመጠች።

ፍርዱ አጭር ነበር። ባውሮ ዓመት ሙሉ አዳራሹን አይረግጥም፤ ካቡን ቶካታ ራሱ አፍርሶ ድንጋዩን ይወስዳል።

«ተቀብያለሁ» አለ ባውሮ። «አንዲት ልመና ብቻ አለችኝ፤ ትልቁ ሙላት እስኪያልፍ ይታገሠኝ።»

«ካለፈ በኋላማ ምን ያደርግልኛል!» አለ ቶካታ። «የሌባ ዓይነ ደረቅ፣ መልሶ ልብ ያደርቅ!»

በነጋታው ጋሪውን እየገፋ ሲወጣ ሬቴታ ደጃፉ ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«ዛሬን ተወው። ስለ እግዜር ብለህ ዛሬን ብቻ።»

«የማንን ቤት ነው የምትጠብቂው፣ የእኔን ወይስ የእሱን?»

ከመንገዱ ዞር አለችለት።

ካቡ በጫፏ ዙሪያ፣ ከቁጥቋጦው ፊት ለፊት በግማሽ ክብ ተክቧል። ድንጋይ ለድንጋይ ተመርጦ፣ ክፍተቱ ሁሉ በጠጠር ተጠቅጥቋል። ሌባው ተጠንቅቆ ነው የሠራው፤ ይህ ደግሞ ቶካታን የበለጠ አናደደው። ከላይ ጀምሮ አፈረሰው። አንዱን ጋሪ አራግፎ ሲመለስ ባሕሩ ቁርጭምጭሚቱ ደርሷል፤ ሌላውን ሲሞላ ጉልበቱ። ቸኮለ። የራሱን ድንጋይ እያንዳንዱን ያውቀዋል፤ እያንዳንዱንም እያነሣ አጎቱን ሰደበ። የመጨረሻውን ረድፍ በሁለት እጁ ይዞ ሲነቅለው ሙላቱ በእግሮቹ መሃል አልፎ ቀድሞት ገባ።

ውሃው የገባው ከቁጥቋጦው ጀርባ፣ እንደ አገሩ ልማድ ዙሪያውን በተዘቀዘቁ የቢራ ጠርሙሶች ወደታጠረው፣ ገና ትናንት ታርሞ ወደተጠረገው፣ ቶካታ ባሕሩ ድሮ ወስዶታል ብሎ ወደተወው የልጁ መቃብር ነበር።