የደጁ ሰማያዊ መብራት

ወንድን የሚወዱ ወንዶችና ሴትን የሚወዱ ሴቶች ያለ ፍርሃት በሚሰበሰቡባት በአውስትራሊያዋ የብሪስበን ከተማ ባለች አንዲት ጭፈራ ቤት አንድ ሥርዓት ጸንቶ ይኖር ነበር። ከዚያ የወጣ ሁሉ ቤቱ ሲደርስ ደውሎ «ገባሁ» ይላል፤ የመጨረሻው ሰው እስኪደውልም የደጁ ሰማያዊ መብራት አይጠፋም። ጥሪውን የምትቀበለው በወንድ ስም ተጠምቃ በሴት ወግ የምትኖረው የሳሞአ ደሴቶች ተወላጅ፣ በር ጠባቂዋ ሎሳ ናት።

ባለፈው ወር ከቤቱ ደንበኞች አንዱ የሆነው ዴክላን ሳይደውል ቀረ። በማግስቱ ወደ ቤቱ በሚወስደው ድልድይ ሥር ተደብድቦ፣ ሞቶ ተገኘ። ዘወትር አብሮት የሚሄደው ሩዋን በዚያች ምሽት «ደከመኝ» ብሎ ቀድሞት ሄዶ ነበር። ከቀብሩ ወዲህ ሩዋን ይበላል፣ ይሠራል፣ ይተኛል፤ አላለቀሰም። ሎሳም መብራቱን አላጠፋችም፤ በጠራራ ፀሐይ እንኳ ይበራል።

ዛሬ ሩዋን ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ መጥቶ ጥግ ላይ አንድ ቢራ ጠጣና ገና በጊዜ ተነሣ። ሎሳ ኮሌታውን አስተካከለችለት።

«ስማ አንተ ቀውላላ፣ ሳትደውል ብትተኛ መጥቼ በተረከዜ ነው የምቀሰቅስህ።»

«እሺ፣ እትዬ።»

ድልድዩን ብቻውን ተሻገረ። ቤቱ ገብቶ በሩን ቆለፈና ደወለ።

«ገባሁ፣ እትዬ።»

«ተመስገን፣ የኔ ልጅ።»

ያን ጊዜ ከትከሻው አጠገብ፣ ብዙ መንገድ የሄደ ሰው በሚመስል በዛለ ድምፅ፣ ዴክላን «እኔም ገባሁ» አለ።

ሩዋን ዘወር አላለም። ከሎሳ በኩል የሰማያዊው መብራት ማጥፊያ ቀጭ ሲል በስልኩ ውስጥ ተሰማ።