ውሃ የተፋው እንጨት

«እኔ አንድ ነገር ልሠራ ካልኩ አለቀ ነው። አስር ሰዓት ሳይሞላ ይሄ እንጨት የአሣ ገንዳው ወለል ላይ ዘጭ ብሎ ይተኛል» አለች ልጅቷ፣ እንፋሎቱ የሚትጎለጎለውን እንጨት በፎጣ ጠቅልላ ከብረት ድስቱ እያወጣች።

እናቷ እግሯን ከስፌት መኪናው ሳታነሳ፣ «አንቺ ካልሽማ ድስቴም አለቀለት» አለች።

እውነትም አልቆለታል። ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ጊዜ ውሃ ተለውጦበት፣ ሦስቴም ሻይ የመሰለ ጥቁር ነገር ተደፍቶበታል። እንጨቱን ያገኘችው ሐይቁ ዳር ነው፤ ውሃ ሲያንከባልለው ኖሮ ሲሰለቸው የተፋው፣ ቁልምም ያለ፣ ሥሩ ከቅርንጫፉ የማይለይ ነገር። ቅርፊቱን በማንኪያ ፍቃ፣ የበሰበሰውን ጎርጉራ አውጥታ፣ በልብስ ብሩሽ እስኪነጣ ፈግፍጋዋለች። «ማንኪያው የማን ነው?» ስትባል «የቤቱ» ብላ መልሳለች። «ጠበቃዋ» የሚሏት ወደው አይደለም።

ይሄ ሁሉ መከራ ለጭራ ቆራጣዋ ነው። የመስታወት ገንዳው ውስጥ ሁለት አሣዎች አሉ። አንደኛው ባለመስመሩ ሻለቃ ነው፤ ከዳር ዳር ሲንጎራደድ ውሃው የአባቱ ርስት ይመስለዋል። ሁለተኛዋ አውራ ጣት የማታህል ጭራ ቆራጣ ናት፤ ሻለቃው በየቀኑ እየሸረፈ ጭራዋን ጨርሶላታል። ባዶ መስታወት ውስጥ የት ትግባ?

እናቷ ትናንት ቆርጣ ተናግራለች። «ወይ መደበቂያ አብጂላት፣ ወይ ነገ አስር ሰዓት ላይ ሐኪሙ ይውሰዷት። ሻለቃው ሲበላት እያየሁ አልኖርም።» ሐኪሙ ጎረቤታቸው ናቸው፤ የጥርስ ሐኪም። ታካሚዎች ተራ በሚጠብቁበት ክፍል ውስጥ ሰፊ ገንዳ አላቸው። ጭራ ቆራጣዋ ጉንጩን ይዞ የሚያቃስት ሕዝብ ማስታገሻ ልትሆን ነው ማለት ነው። ልጅቷ ቆማ እያለች ይሄ አይደረግም።

አሣ ሻጩ ግን አስጠንቅቋት ነበር። «ደረቅ እንጨት ይንሳፈፋል። ውሃ ጠጥቶ እስኪጠግብ ሦስት ሳምንት ባልዲ ውስጥ ዘፍዝፊው» ቢላት፣ «ሦስት ሳምንትማ የሰነፍ ቀጠሮ ነው፤ እኔ በሦስት ሰዓት አበስለዋለሁ» ብላው ወጥታለች።

እንጨቱ በረደ። ገንዳው ውስጥ አስገባችና ለቀቀችው። ቱር ብሎ ወጣና ውሃው ላይ ተንጋለለ። ደግማ ደፈቀችው። ደግሞ ወጣ። ሻለቃው ሳይቀር ዞር ብሎ የታዘባት መሰላት።

በሩ ተንኳኳ። ሐኪሙ ትንሽ ባልዲ አንጠልጥለው ገቡ።

«ደህና ዋላችሁ። መጣሁ እንግዲህ።» ወደ ገንዳው ጠጋ ብለው አዩ። «ጎበዝ፣ ደህና አድርገሽ አጽድተሽዋል። ግን ገና ነው። ድንጋይ እሰሪበት።»

«ድንጋይ ካሰሩበትማ ሰጠመ አይባልም ጋሼ፣ ታሰረ ነው የሚባለው። የእኔ እንጨት ወዶ ነው የሚገባው።»

«ወዶማ እየወጣ ነው» አሉ ሐኪሙ።

ልጅቷን እጇ ቀደማት። የሹራቧን ሰፊ እጅጌ እንኳ ሳትሰበስብ እስከ ክርኗ ውሃው ውስጥ ገባችና እንጨቱን ከገንዳው ወለል ጋር አጣበቀችው።

«ይኸው ሰጠመ።»

የስፌት መኪናው ቆመ። «እስቲ እጅሽን አንሺው» አለች እናቷ።

«አላነሳም። ሰጥሟል አልሰጠመም?»

«ይዘሽው ነዋ።»

«እስኪለምድ ነው የያዝኩት።»

ሐኪሙ ባልዲያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ሻለቃው ከወዲያኛው ጥግ ተነስቶ መጣ። ጭራ ቆራጣዋ ከፊቱ ተፈተለከች፤ መስታወቱን ታክካ ዞረች፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ እንጨቱ። አሣዋ በቅርንጫፉ በኩል ሹልክ አለችና ጠፋች። ሻለቃው አንዴ ዞረ፣ ሁለቴ ዞረ፣ ፈልጎ አጣት፣ ተመለሰ።

«አያችሁ?» አለች ልጅቷ፣ አገጯን ወደ ላይ አድርጋ። «ገባች። ቤቷን አወቀች። ጋሼ፣ ስለ ድካምዎ ይቅርታ፣ ባልዲውን ግን ባዶውን ነው ይዘው የሚመለሱት።»

ሐኪሙ መነጽራቸውን አስተካክለው ጎንበስ አሉ። የጥርስ ቀዳዳ እንደሚፈልግ ሰው ከወዲህም ከወዲያም አዩ።

«እንጨቱ ጋ የለችም» አሉ ረጋ ብለው። «እጅጌሽ ውስጥ ናት።»

ልጅቷ ወደ ታች አየች። በረጠበው እጅጌ ውስጥ፣ ከእጅ አንጓዋ ሥር፣ አንድ ቀጭን ነገር ይርገበገባል። ልክ እንደ ትንሽ ልብ። እጇን ብታነሳ እንጨቱ ይወጣል፤ አሣዋም ወይ ከእጅጌው ጋር ከውሃው ትወጣለች፣ ወይ ሻለቃው አፍ ላይ ትወድቃለች። ጣቷን ማንቀሳቀስ ፈራች።

«ቢሆንስ?» አለች፤ ድምጿ ከቅድሙ ቀጥኗል። «መደበቂያ ነው ያላችሁኝ። ይኸው መደበቂያ። የትም አትሄድም።»

እናቷ ከመኪናው ተነስታ መጣች። እጅጌውን አየች፤ ልጇን አየች።

«እንግዲህ ባል ሲመጣልሽም እዚያው እንደ ቆምሽ እንድርሻለን» አለች።